ዛሬ ምን ሠራሽ?

ባለቤቴ ስልክ ስታወራ ማሳረጊያዋ አንድ ጥያቄ ነበር። «ዛሬ ምን ሠራሽ?» እህቷን ትጠይቃለች። ጓደኛዋን ትጠይቃለች። አራተኛ ፎቅ ያሉትን ጎረቤታችንን ደረጃ ላይ አቁማ ትጠይቃለች። መልሱም ያው ነው። «ምን እባክሽ፣ ምስሯን ጣድ አድርጌ…»። እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ እሰማለሁ። ወሬ ይመስለኝ ነበር። ወሬ ሲያልቅባቸው የሚያወሩት ወሬ።

ወሬ አለመሆኑ የገባኝ አራት ወር ቢሆነኝ ነው።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ከሐምሌ ጀምሮ በሳምንት አምስት ቀን የማታ ተረኛ ሆናለች። እሷ 11 ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ እኔ 12 ሰዓት ላይ እገባለሁ። በመሃል ያለችውን አንድ ሰዓት ልጆቹ ጎረቤታችን ቤት ናቸው። ስገባ ሁለቱም በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 5። ሰላምታም የለ፣ «እንዴት ዋልክ»ም የለ። «አባዬ፣ ምንድነው ራት?»

የመጀመሪያው ሳምንት ዝርዝር ይኸው፦ እንቁላል፣ ፓስታ፣ እንቁላል፣ ከውጭ የተገዛ፣ እንቁላል። ትንሹ ልጄ በአምስተኛው ቀን ሰሃኑን አየና «ጫጩት ልንሆን ነው» አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ሽሮ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ሽሮ ማንን ያቅተዋል? ላጤ የሚኖርበት ምግብ ነው። ውሃው ሲፈላ ሁለት ጭልፋ ዱቄት በአንዴ ገለበጥኩበት። ላዩ ውሃ፣ ውስጡ ድንጋይ ሆነ። ልጄ አንዱን ጓል በእንጀራ ያዝ አድርጋ ከፍ አደረገችውና በደስታ «ቦዘና ነው እንዴ?» አለችኝ። ሥጋ መስሏት ነው። ነክሳው ዱቄቱ ሲፈነዳ የሠራችውን ፊት አልረሳውም።

ደብረ ብርሃን ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሽሮ ስንት ማንኪያ ነው የሚገባው?»

«እንዳየኸው ነዋ።»

«እሺ፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል?»

«እስኪበስል።»

«መብሰሉን በምን አውቃለሁ?»

«ስማው። መጀመሪያ ይንጫጫል። ሲበስል ረጋ ብሎ ነው የሚንተከተከው። ዘይቱም ላዩ ላይ ይወጣልሃል።»

ከዚያ ትንሽ ዝም አለች። «ጥፋቱስ የኔ ነው» አለች። «ጓዳ ብቅ ስትል ‹ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል› እያልኩ ያባረርኩህ እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። ታናሽ እህቴ በ10 ዓመቷ ወጥ ታማስል ነበር። እኔ በ36 ዓመቴ ሽሮ አጓጎልኩ። እናቴ ጥፋቷን ስታምን የመጀመሪያዋም ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ ብዙ አልተከራከርኳትም።

የሽሮው ዱቄት ራሱ የእሷ እጅ ነው። በዓመት አንዴ ሁለቴ በሚኒባስ ትልክልኛለች። ሽምብራና አተሩን ቆልታ፣ ከክታ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን ከበርበሬው ጋር አዋህዳ፣ ፀሐይ አስጥታ ታስፈጫለች። የስንት ቀን ልፋቷን ነው እኔ በአንዴ ገልብጬ ድንጋይ ያደረግኩት።

አሁን ሽሮዬ አይጓጎልም። እናቴ የፈላው ውሃ ላይ ነስነስ እያደረግክ በሌላ እጅህ አማስል ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ ጨምረው ይላሉ። ሁለቱንም ሞከርኩ። የጎረቤታችን ይቀላል። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ የሰነፍ ሽሮ ነው የምትለው።

ጎረቤታችን ደግሞ ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም። አንድ ቀን ልጆቹን ልወስድ ስገባ በሰሃን የሠራሁትን ምስር ይዤላቸው ሄድኩ። ውለታ መመለሴ ነው። በጣታቸው ጫፍ ቀመሱት።

«ሽንኩርቱን አቻኮልከው» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ እትዬ?»

«ዘይቱን ቶሎ ሰጠኸዋላ። ሽንኩርት መጀመሪያ በባዶ ድስት ነው። ውሃውን ይተፋል፣ መልሶ ይመጠዋል። ያኔ ነው ዘይት። አንተ ጠብሰኸው መጣህ።»

ይህቺ አንድ ምክር የቤታችንን ራት ለወጠችው። ለብዙ ወጣችን መሠረቱ ቁሌት ነው። ቁሌት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ከሥራ 12 ሰዓት ገብቶ፣ ሁለት የራባቸው ልጆች እግር ሥር እየተሽከረከሩ፣ ሽንኩርት 40 ደቂቃ በትንሽ እሳት ማብሰል የሚችል ሰው ካለ ጻድቅ ነው። እኔ አልችልም። ስለዚህ ሁሉም ወጤ የተቻኮለ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከመሥሪያ ቤት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አብረን የምንበላ ሴቶች አሉ። አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና «ትናንት ለራት ምን ሠራችሁ?» አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዷ ምሳ ዕቃዋን ገፋ አድርጋ «ቁሌት በእሁድ አትሠራም እንዴ?» አለችኝ። ፍሪጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይመስል። በማግስቱ ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ድምፁ የማይሰማ ኩሩ ሰው፣ ኮሪደር ላይ ጠብቆኝ «ጎመኑን ቀቅለህ ጨምቀህ ከሆነ የምታስቀምጠው ጥቂት ቀን ይቆይልሃል» ብሎኝ አለፈ። ዞር ዞር ብሎ አይቶ ነው የነገረኝ። አገር የሸጠ ነው የሚመስለው።

እናም የእሁድ ቁሌት ጀመርኩ። ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አደቅቃለሁ። ልጆቹ ዓይናቸውን ይዘው ይሮጣሉ። ትልቁን ድስት ጥዶ፣ ያለ ዘይት፣ በትንሽ እሳት። መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ፣ ደግሞ ማማሰል፣ ደግሞ ጠብ። ወይቦ፣ ሟሙቶ፣ ከድስቱ ግማሽ ወርዶ ሲገኝ ዘይቱ ይገባል። ከዚያ ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንዱ ነጭ ሽንኩርትና እርድ ገብቶበት ለአልጫ። ሌላው ላይ በርበሬ ይገባና ጥሬ ጥሬ እንዳይል ውሃ እየጠጣ ሌላ 20 ደቂቃ ይቆያል። ሲቀዘቅዝ በትናንሽ ፌስታል ወደ ፍሪዘር። አምስት ቀይ፣ ሦስት አልጫ። እሁድ ከሰዓቴን ይበላብኛል፤ ኳስ ግን በሬዲዮም ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ምስር ክክ ከቀይዋ ጋር በ25 ደቂቃ ይደርሳል። ከአልጫው አንዷን አውጥቼ ቲማቲም ፈጭቼ፣ ካሮት ፈቅፍቄ፣ በሶብላ ጣል ካደረግኩበት ስጎ ነው። ፓስታ የጣሊያኖቹ ቅሪት ነው ይባላል፤ ከ1928 እስከ 1933 አገሩን ይዘው ቆይተው ሄዱ፣ ፓስታው ቀረ። እኛ ቤት ግን በእንጀራ ነው የሚበላው። ትንሹ ልጄ በሹካ ከሰጠሁት ይከፋዋል።

የአተር ክክ ብቻ አስቸግሮኛል። አንድ ማክሰኞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጥጄ ከምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ፍሬው ጥርስ ይሰብር ነበር። ልጆቹ ዳቦ በሻይ በልተው ተኙ። ዘመናዊ ትምህርት ተምሬ ለዚህ አለመጠቀሜ አናደደኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። ድስቱ ይፍለቀለቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። እሳት ብትጨምርበት ውሃው ያልቃል እንጂ ክኩ አይፈጥንም። ይህንን በኩራት ለእናቴ ነገርኳት። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከእኛም በ400 ሜትር ያህል ትበልጣለች።

«እኛ ከማታው ነው የምንዘፈዝፈው» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፊዚክሱ አላስገረማትም።

ግን ከማብሰሉ ይልቅ የሚያደክመኝ መወሰኑ ነው። ምን ይሠራ? 9 ሰዓት ላይ ስብሰባ ተቀምጬ ጥያቄው ይመጣብኛል። ለባለቤቴ ብደውል «ደስ ያለህን» ትላለች። ደስ የሚለኝ ሌላ ሰው ቢወስን ነው። እሷ ይህንን ጥያቄ አስር ዓመት ብቻዋን ስትመልስ ኖራለች። እኔ ደግሞ አስር ዓመት ሙሉ ሰሃኔን እያየሁ «ዛሬም ሽሮ?» እል ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እናቴ ግን ምን ይሠራ ብላ ስትጨነቅ አይቻት አላውቅም። ምስጢሩ ቀን መቁጠሪያው ይመስለኛል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ከሐሳብ ወጣ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን አለ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ገብታ እስከ 15 ትቆያለች። አሁን ደግሞ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል። ጾም ሲሆን ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ተልባ ናቸው ያሉት፤ ትዞርባቸዋለች። እንዲያውም የምትቸገረው ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ነው። ረቡዕና ዓርብ የማይጾሙበት ጊዜ። «ረቡዕ ምን እንደምሠራ ይጠፋኛል» ትላለች።

እኔም ከእሷ ቀዳሁ። ረቡዕና ዓርብ ተወስነዋል። የቀሩትን ቀናት ደግሞ ደረጃ ላይ እጠይቃለሁ። የኮንዶሚኒየም ጥቅሙ ይህ ነው። ከመሬት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ የማን ቤት ምን እንደተጣደ አፍንጫዬ ይነግረኛል። አንደኛ ፎቅ ላይ ዓሣ ተጠብሷል። ሁለተኛ ላይ የሆነ ሰው ቅቤ እያነጠረ ነው፣ ነፍስ ይማርካል። እቤቴ ስደርስ ያሰብኩትን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ልክ ድስት ልጥድ ስል መብራት ሄደ። ከሰል የለም፣ ጋዝ የለም። ያለኝ ስድስት እንጀራና ቲማቲም ነው። በስልክ መብራት ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን ከተፍኩ። ሎሚ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ቆንጠር በርበሬ። ልጆቹ እንጀራውን በእጃቸው ቆራረሱልኝ። ከግማሹ በላይ መሬት ወደቀ። በሻማ ቁጭ ብለን በላን። ያን ያህል ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም። ቲማቲም ፍትፍት እሳት አይፈልግም፣ ምክር አይፈልግም፣ የእሁድ ቁሌት አይፈልግም። ለምን ከመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልነገረኝም?

ፍርፋሪውን ልጥል በጨለማ ደረጃው ላይ ስወጣ ጎረቤታችን በራቸውን ከፍተው ሻማ ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው አይታይም።

«አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ እትዬ።»

«ዛሬ ምን ሠራህ?»

ጥያቄው ለእኔ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነበር። እንደ ባለቤቴ መለስኩ። «ምን እባክዎ፣ ቲማቲሟን ነካ ነካ አድርጌ…»። ሳቁ። እሳቸው ክክ ጥደው መብራት እንደሄደባቸውና ድስቱ ሙሉ ጥሬ እንደቀረ ነገሩኝ። የተረፈን ፍትፍት ነበር፤ በሰሃን አወጣሁላቸው። ሳይቀምሱ አመሰገኑኝ። ጠዋት ሰሃኑ ታጥቦ፣ ሁለት ሎሚ ገብቶበት በር ላይ ተቀምጧል። ስለ ጨው አንድም ቃል አልተናገሩም። ይህን እንደ ዲፕሎማ ነው የያዝኩት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። የዱባ ወጥ ሠራሁ። ባለቤቴ ነገ ጠዋት ገብታ ተኝታ ስትነሳ ዓርብ ስለሆነ ይሆናታል ብዬ አብዝቼ ነበር የጣድኩት። ዱባው ጣፋጭ ነው፣ በርበሬው ያዝ ያደርገዋል፤ ልጆች እንደ ጨዋታ ይበሉታል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ልጄ ድስቱን በእንጀራ ጠርጋ ጠርጋ ታቹ እስኪያበራ አድርሳዋለች።

አሁን ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት፣ ከተረኝነት ክፍል።

«ዛሬ ምን ሠራህ? አስቀምጥልኝ።»

ባዶውን ድስት አየሁት። ፍሪዘሩን ከፈትኩ። አንዲት ቀይ ፌስታል ቀርታለች። አወጣኋትና ምስሩን ትሪ ላይ ዘርግቼ መልቀም ጀመርኩ።