አሰልጣኙ ወዶታል፤ ትራንስክሪፕቱስ?

በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ልጅን ወደደ ማለት ልጁ ገባ ማለት አይደለም፤ ትራንስክሪፕቱም፣ ማለትም የትምህርት ውጤት ወረቀቱ፣ ይታያል። ይህን ያየሁት በእህቴ በእታለም ልጅ ነው። እኛ የምንኖርበት አውሮራ፣ ኮሎራዶ ብዙ ሐበሻ አለ። ልጆቻችን ባስኬት እየወደዱ ነው፤ እኛ ግን ያደግነው በእግር ኳስ ነው። በየዓመቱ ጁላይ 4 አካባቢ ለሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ከስቴት ስቴት እንጓዛለን። ስለ ኮሌጅ ስፖርት ሕግ ግን ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ልጁም እናቱም ጻፈው ስላሉኝ ነው የምጽፈው።

ልጁ በ2019 ከእናቱና ከታናሽ እህቱ ጋር በዲቪ መጣ። ዘጠነኛ ክፍልን አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ጨርሶ ነበር። እዚህ አሥረኛ ክፍል ገብቶ ገና ሳይለምድ ኮቪድ መጣና ትምህርቱ በስክሪን ሆነ። እንግሊዝኛው ገና ስለነበረ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ ክፍል) መደቡት። ያ ተገቢ ነበር፤ ያስፈልገው ነበር። ሒሳብ ግን ከአልጀብራ በታች ያለውን ሰጡት። አዲስ አበባ ከዚያ የበለጠ ተምሮ ነው የመጣው። ትምህርት ቤት የመደበውን ደግሞ ማን ይጠይቃል? አገር ቤት እንደዚያ አልለመድንም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዲቪዥን አንድ፣ ማለትም በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ የሚጫወት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሰልጣኝ ቤት ድረስ መጣ። እታለም ምሳ አብልታ፣ ቡና አፍልታ አስተናገደችው። «ልጅሽን እንፈልገዋለን» አላት። እሷ የሰማችው «ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል» የሚለውን ነው። ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ እየሠራች ልጅ የምታሳድግ እናት ሌላ ምን ትስማ?

ሕጉ እንዲህ ነው። ዲቪዥን አንድ ለመጫወት የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር ኤንሲኤኤ ኢንዲያናፖሊስ ባለው ኤሊጅቢሊቲ ሴንተር በኩል የልጁን የሃይስኩል ውጤት ይመረምራል። 16 ኮር ኮርሶች (ዋና የቀለም ትምህርቶች) ይጠይቃል፤ ከእነዚህም እንግሊዝኛ 4 ዓመት፣ ከአልጀብራ 1 ጀምሮ ሒሳብ 3 ዓመት፣ ሳይንስ 2 ዓመት ነው። ከ16ቱ 10ሩ የመጨረሻው ዓመት ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው። ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) የሚሰላው በኮር ኮርሶቹ ብቻ ነው፤ ዝቅተኛው 2.3 ነው። የእኛ ልጅ ሃይስኩልን በጥሩ ውጤት ጨርሷል። ዲፕሎማውን ይዟል። ኮር ኮርሱ ግን አልሞላም። የጀማሪ ኢኤስኤል ክፍሎቹ አልተቆጠሩለትም፤ ያ ሒሳብም እንደዚሁ።

ተስፋ የነበረን የአዲስ አበባው ውጤት ላይ ነው። ሴንተሩ ውጭ አገር የተማሩትን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ይመዝናል፤ ልጁ ደግሞ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ተምሯል። አንድ ዘመድ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ ማኅተም አስመትቶ ላከልን። ወረቀቱ ላይ ግን 2011 ይላል። እዚህ ያነበበው ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር አነበበው። ዘጠነኛ ክፍልን በ2011 የጨረሰ ልጅ እስከ 2022 የት ነበር? ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። በወቅቱ በቅርጫት ኳስ ሃይስኩልን በጊዜው መጨረስ ከነበረበት ቀን በኋላ የሚሰጠው ፋታ አንድ ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ በተደራጀ ውድድር የተጫወተ የመጫወቻ ጊዜ ይቀነስበት ነበር። ትምህርት ቤቱ ሁለቱንም አቆጣጠር የሚገልጽ ደብዳቤ እስኪጽፍልን ድረስ በጣም ተጨንቀናል። ከኢትዮጵያ ሰነድ የምታስመጡ ሁሉ፣ ይህን ደብዳቤ አብራችሁ አስመጡ።

ደብዳቤው መጣ፣ ዘጠነኛ ክፍልም ተቆጠረ፤ አሁንም 16 አልሞላም። ውሳኔው ኖን ኳሊፋየር፣ ማለትም መስፈርቱን ያላሟላ፣ ሆነ። የመጀመሪያውን ዓመት መጫወት የለም፣ ከቡድኑ ጋር መለማመድም የለም፣ የስፖርት ስኮላርሺፕም የለም። እታለም «ልጄ ሰነፍ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። አይደለም። ልጁ የሰጡትን ተምሮ አልፏል። ሰፈር ውስጥ «ወደቀ» ተብሎ ሲወራ ስሰማ በጣም ነው ያመመኝ።

አሰልጣኙ ራሱ ጁኒየር ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ጠቆመው፤ ልጆቹ ጁኮ የሚሉት ነው። ካንሳስ ወዳለ አንድ ኮሌጅ ሄደ። ካንሳስ የጁኮ ባስኬት ቤት ነው፤ ብሔራዊ ሻምፒዮናው ከ1949 ጀምሮ ሃቺንሰን ከተማ ነው የሚካሄደው። ትምህርቱ፣ መጽሐፉ፣ ዶርሙና ምግቡ ተችሎለት ነበር። ጁኮ ውርደት የሚመስለው ሰው ካለ ጂሚ በትለርን ያስብ። ከታይለር ጁኒየር ኮሌጅ ተነሥቶ፣ በማርኬት ዩኒቨርሲቲ አድርጎ ነው ኤንቢኤ የገባው። የእህቴ ልጅ የእሱን ፎቶ ዶርሙ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጁኮ ውስጥ ሁለት መለኪያ አለ። አንዱ እዚያው ለመጫወት የሚያበቃህ ነው፤ ሌላው ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግርህ። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት በየሴሚስተሩ 12 ክሬዲትና ከዚያ በላይ እየተመዘገበ አለፈ። ለኮሌጁ ቡድን ይህ በቂ ነው። ከኮርሶቹ መካከል ግን ክብደት ማንሳት አለ፣ የባስኬት ቲዎሪ አለ፣ የማጠናከሪያ ሒሳብ አለ። የመረጠለት የኮሌጁ አማካሪ ነው። በወቅቱ ለመጫወት አብቅተውታል፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ አብረውት የሚሄዱት ግን ጥቂቶቹ ናቸው።

በሁለተኛው ዓመት መከር ላይ ሌላ ዲቪዥን አንድ ዩኒቨርሲቲ ፈለገው። የዚያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፕላየንስ ሠራተኛ (ሕጉ መከበሩን የምትከታተል) በስልክ አነጋገረችን። እታለም ትራንስክሪፕቱን አትማ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። ሴትየዋ መስመር በመስመር «ይሄ ያልፋል፣ ይሄ አያልፍም» እያለች አነበበችልን፤ እኔ ለእህቴ አስተረጉማለሁ። ኖን ኳሊፋየር ሆኖ የገባ ልጅ ቢያንስ ሦስት ሴሚስተር በሙሉ ጊዜ ተምሮ ከጁኮው በዲግሪ መመረቅ አለበት። ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው 48 ክሬዲት ያስፈልገዋል። ከዚያ ውስጥ እንግሊዝኛ 6፣ ሒሳብ 3፣ ሳይንስ 3 ክሬዲት መሆን አለበት። ጂፒኤ 2.5። ልጁ ከመጀመሪያው ዓመት የሚያልፍለት 15 ክሬዲት ብቻ ነበር። እታለም አላለቀሰችም። እስክሪብቶ አንሥታ ያልፋል የተባለውን ብቻ አከበበችና «የቀረውን ቁጠርልኝ» አለችኝ።

እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሕጉ ምሥጢር አይደለም፤ ተጽፎ አለ። ልጁን የፈለጉት ሁሉ ያውቁታል። ቤተሰቡ ብቻ ነው የማያውቀው፤ የሚጎዳውም ቤተሰቡ ነው። ጄይ ክራውደር እንኳ፣ በኋላ ኤንቢኤ የደረሰው፣ መጀመሪያ የገባበት ኮሌጅ ክሬዲት ስለማያሻግረው ቴክሳስ ወዳለው ሃዋርድ ኮሌጅ መዛወር ግድ ሆኖበታል። በ2010 እዚያ ሻምፒዮን ሆኖ ማርኬት ገባ። ያም ሆኖ ሁሉም ልጅ እንደዚያ ያለ ጊዜ አያገኝም።

የእኛ ልጅ በሁለተኛው ዓመት በሁለቱ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ወሰደ። በክረምቱ ኮሌጅ አልጀብራንና አንድ የሳይንስ ኮርስ ጨመረበት። ለልምምድ እየተነሣ፣ በአውቶቡስ ውስጥ እያጠና ነው ያለፈው። ዲቪዥን አንዱ ግን እስከዚያ አልጠበቀውም። በኤፕሪል ቦታውን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለተዛወረ ልጅ ሰጡት። ከ2021 ጀምሮ ዝውውር ስለቀለለ አሰልጣኞች የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ልምድ ያለውን ይመርጣሉ። የጠበቀው የዲቪዥን ሁለት አሰልጣኝ ነው። በ2024 እዚያ ገባ። ስኮላርሺፑ ሙሉ አይደለም፤ የጎደለውን በፔል ግራንት (መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ተማሪ በሚሰጠው፣ በማይመለስ ድጋፍ) እና በትንሽ ብድር ሞላነው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አንድ ወሬ ቤታችንን አናወጠው። ዲዬጎ ፓቪያ የሚባል የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ቴነሲ ውስጥ ከሶ፣ የጁኮ ዓመቶቹ እንዳይቆጠሩበት ፍርድ ቤት አዘዘለት። ኤንሲኤኤም እንደ እሱ ላሉት ለ2025-26 ተጨማሪ ዓመት ፈቀደ። ወዳጅ ዘመድ «ሕጉ ተነሣ፣ ከእንግዲህ ትምህርቱ ችግር የለውም» እያለ ደወለ። ያ ውሳኔ የሚያወራው ስለ መጫወቻ ዓመት ነው። ክሬዲቱንና ጂፒኤውን አልነካውም። በዚህ ወሬ ተማምኖ ኮርሱን የሚያቋርጥ ልጅ እንዳይኖር እለምናለሁ።

ታናሽ እህቱ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ቮሊቦል ትጫወታለች። ኤንሲኤኤ በየሃይስኩሉ የሚቆጠሩትን ኮርሶች ዝርዝር ለማንም ክፍት አድርጎ አስቀምጧል። እታለም ዝርዝሩን አትማ፣ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ካውንስለሯ ዘንድ ሄደች። ልጅቷን እሷንም ከአልጀብራ በታች ነበር የመደቧት። አሁን አልጀብራ 1 ክፍል ውስጥ ናት።