የሸማኔ ልጅ ነኝ፣ ስራዬ ደሞ ቢሮ ነው

ሰላም እንዴት ናችሁ። እዚህ ስደት ላይ ስንገናኝ ወሬያችን ስለ ወረቀት፣ ስለ ቤት ኪራይ ነው፣ እኔ ግን ዛሬ ስለ ልብስ ላወራችሁ ነው።

ያደኩት ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ከዶርዜ በልጅነቱ መጥቶ እዛው የቀረ ሸማኔ ነው፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ ሲል ድምፁ ከደጅ ይሰማል፣ እናቴ ደሞ አጠገቡ ባዘቶዋን ይዛ እንዝርት ታሾራለች። እና ትምህርት ቤት "አባትሽ ምን ይሰራል?" ሲሉኝ "ነጋዴ ነው" ነበር የምለው። ልጆቹ ቁጢት በጣሽ እያሉ ይሰድቡን ነበራ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር፣ እኔ ግን ከዛ ወደ መቶ አመት ገደማ ቆይቶም ያባቴን ስራ እየደበቅኩ ነው ያደኩት። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እንግሊዝ አገር ሊድስ ስመጣ መጀመሪያ ጽዳት ሰራሁ፣ ማታ ማታ ኮሌጅ እየሄድኩ ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ተማርኩ፣ ከዛ አንድ መስሪያ ቤት ቢዝነስ ሳፖርት ሆኜ ገባሁ፣ ይኸው አሁንም እዛው ነኝ። ስራው ምንድነው ለምትሉኝ፣ ሌሎቹ ስራቸውን እንዲሰሩ የሚያስፈልገውን ሁሉ ማዘጋጀት ነው፣ ስብሰባ ላይ ሚኒትስ (ቃለ ጉባኤ) እይዛለሁ፣ ፐርቼዝ ኦርደር (የግዢ ማዘዣ) አወጣለሁ፣ ኢንቮይስ አስከፍላለሁ፣ አዳራሽ ቡክ አደርጋለሁ፣ ኤክሴል ላይ የጠፋ ቁጥር ስፈልግ እውላለሁ። ማንም አያየውም ግን አንድ ቀን ከቀረሁ ሁሉም ያውቀዋል። እወደዋለሁ።

የልብስ ነገር ውስጤ የገባው በ2013 ነው፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የሚባለው የልብስ ፋብሪካዎች ያሉበት ህንፃ ሲደረመስ። ከ1,100 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ አብዛኞቹ ልብስ ሰፊ ሴቶች። ከሁሉም ያመመኝ ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር፣ እታች ያለው ባንክና ሱቆቹ ሲዘጉ ሰፊዎቹን ግን ግቡ አሏቸው። የዛን ሰሞን ከተማ ውስጥ ቲሸርት በ3 ፓውንድ ተሰቅሎ አየሁና እዛው ቆሜ ቀረሁ፣ ምክንያቱም የሸማኔ ልጅ ስለሆንኩ አንድ ክንድ ጨርቅ ስንት ሰዓት የሰው እጅ እንደሚበላ አውቃለሁ፣ በማሽንም ቢሆን ጥጡ ይመረታል፣ ይፈተላል፣ ይቀለማል፣ አንዷ ቁጭ ብላ ትሰፋዋለች፣ መርከብ ያመጣዋል፣ ታዲያ በ3 ፓውንድ ለማን ምን ደረሰው? ለአንድ የጥጥ ቲሸርት ብቻ 2,700 ሊትር ገደማ ውሃ እንደሚሄድ ያነበብኩት ደሞ ኋላ ነው።

ከዛ በኋላ ቢሮም ዝም ማለት አቃተኝ። በየአመቱ የአንድ ቀን ዝግጅት አለን፣ ለሱ ቲሸርት የማዘው እኔ ነኝ፣ ያኔ 300 ነበር። አንድ አመት ስቶር ውስጥ ካለፈው የተረፈ ሁለት ካርቶን ሙሉ አዲስ ቲሸርት አገኘሁ፣ ማንም አልለበሰውም፣ ግን ደረቱ ላይ አመተ ምህረቱ ታትሟልና አለቀለት። ለማናጀሬ ሳሳያት "ይሄ የኛ ክፍል ጉዳይ አይደለም" አለችኝ። አዘንኩ ግን አልተውኩም፣ የሶስት አመቱን ኦርደር አውጥቼ ስንት ታዘዘ፣ ስንት ተረፈ፣ ስንት ወጣበት ብዬ በአንድ ገፅ ሰራሁላት። በሚቀጥለው አመት ቲሸርቱ ያለ አመተ ምህረት ታተመ፣ የተረፈው ለከርሞ ቆየ፣ ያዘዝነውም በጣም ቀነሰ። ያደረኩት አንድ ቁጥር ከልብስ ላይ ማስነሳት ብቻ ነው፣ ግን ከዛ ቀን በላይ በስራዬ የኮራሁበት ቀን የለም።

እኛስ ሀበሾቹ? እስቲ እውነቱን እናውራ። ለያንዳንዱ ሰርግ አዲስ ቀሚስ፣ ለሚዜ አንድ አይነት፣ አንዴ ፎቶ ከተነሳንበት "ታይቷል" ብለን ቁምሳጥን ውስጥ እንሰቅለዋለን። ጥለት ታትሞበት ከፋብሪካ የሚመጣውን ፖሊስተር የሀበሻ ቀሚስ ብለን ስንገዛ ደሞ ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ ስራ ይፈታል። እናቶቻችን እኮ እንዲህ አልነበሩም፣ ነጠላው ሲያረጅ ልጅ ይታቀፍበታል፣ ከዛ እራፊው መሶብ ይሸፈንበታል። የሚጣል ነገር አልነበረም።

ይሄን እያሰብኩ ነው በወር አንዴ ቅዳሜ ልብስ የምንጠግንበት ቦታ የጀመርኩት። በመስፋት ከኔ የሚበልጡ ሞልተዋል፣ እኔ ይዤ የመጣሁት የቢሮውን ሙያ ነው፣ አዳራሹን፣ ኢንሹራንሱን፣ ሪስክ አሰስመንቱን (የአደጋ ግምገማውን)፣ የድጋፍ ገንዘብ ፎርሙን። ምን መጣ ምን ተጠገነ እያልኩ እመዘግባለሁ፣ አብዛኛው ዚፕ ነው ብታምኑም ባታምኑም፣ ጤነኛ ጃኬት በዚፕ ምክንያት ይጣላል!

እዛ ነው አንዲት አሮጊት ያገኘሁት፣ ባትሊ ነው የምትኖረው፣ ሊድስ አጠገብ፣ ወጣት እያለች የሱፍ ፋብሪካ ሰርታለች። ስለ ሾዲ የነገረችኝ እሷ ናት። በ1813 እ.ኤ.አ. ቤንጃሚን ሎው የሚባል የባትሊ ሰው አሮጌ የሱፍ ልብስ ቦጫጭቆ፣ ከአዲስ ሱፍ ጋር ቀላቅሎ እንደገና የሚፈተልበትን ዘዴ አመጣ፣ አካባቢው ሁሉ በዚህ ኖረ። የጨርቁ ስም ነው ሾዲ፣ ዛሬ ግን በእንግሊዝኛ ሾዲ ማለት የማይረባ ስራ ማለት ነው። "እኛ የሰራነው ስድብ ሆነ" ስትለኝ እንባዬ መጣ፣ ቁጢት በጣሽ የሚለውን ነገርኳት፣ አባቴ ነጋዴ ነው እል እንደነበረም ነገርኳት፣ ከባሌ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ደሞ ጫፉ ላይ የተቋጨው ክር የተፈታ ጋቢዬን ይዤ ሄድኩ። ገና ጫፉን በጣቷ ስትነካው "ይሄ በእጅ የተፈተለ ነው" አለች። እንዴት እንደሚቋጭ አሳየኋት፣ አብረን ጀመርን። በመሃል አባቴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ፣ ፊቷን ሳሳየው ሰላም አላትና "እሱን ተይው እጇን አሳይኝ" አለኝ፣ ስልኩን አስጠጋሁለት። ብዙ ዝም ብሎ አየ። ከዛ "ታጠብቃለች፣ ትንሽ ላላ ታድርገው በያት" አለኝ፣ ተረጎምኩላት፣ አላላችው።

አንዱን ጫፍ ጨርሰናል፣ ሌላኛው ለሚቀጥለው ቅዳሜ አድሯል።