ባጋባኋቸው ሰዎች ሰርግ ላይ ጥብስ አቀበልሁ

ባለፈው እሑድ አዲስ አበባ ያለች አብሮ አደጌ ደውላ፣ ከሰላምታው መሐል ድንገት፣ «እውነት ሰው እያጋባሽ ነው ዶላር የሚከፍሉሽ? በይ እንግዲያው ለእኔም አንድ ወረቀት ያለው ፈልጊልኝ» አለችኝ። ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሥራዬን የማስረዳበት አንድ ንጹሕ የአማርኛ ቃል አጥቼ፣ «አዎ፣ እንደዚያ ነገር ነው» ብዬ ማለፌ ሲከነክነኝ አመሸ።

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ትዳር የሚፈልጉ ሐበሾችን እያስተዋወቅሁ መኖር ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ስጀምር ከሁሉ የቀለለ የመሰለኝ ስም ማውጣቱ ነበር፤ ከሁሉ የከበደኝም እርሱ ሆነ። አማርኛችን ለዚህ ሥራ ያለው ቃል ወይ የተከበረ ነው ወይ የተዋረደ። «ደላላ» ብል ቤት፣ መኪናና የቤት ሠራተኛ የሚያገኘው ሰውዬ ትዝ ይላል፤ «አገናኝ» ብል ከዚያ የባሰ ነገር የሚሰማው አለ፤ «አቃጣሪ»ን ጨርሶ አላነሣውም። በሌላው ዳር ደግሞ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን ተመርኩዞ፣ መልስ ሳልሰማ አልቀመጥም ብሎ የሚቆመው ሽማግሌ አለ። ይህንን ስም ልዋስ አስቤ አንድ የማከብራቸውን አዛውንት ባማክራቸው፣ ለጥቂት ጊዜ አቀርቅረው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ሽምግልናን በስንት ዶላር ልትሸጪው ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ቀጥዬ «ጋብቻ» ልበለው አልሁ። በላቲን ፊደል ስጽፈው ለአሜሪካዊው ትርጉም የሌለው እንግዳ ድምፅ ስለሚሆን፣ ማንም የማይነካው የግል ስሜ የሚሆን መስሎኝ ነበር። የንግድ ምልክት ሕግ የሚያውቅ አንድ የአገሬ ልጅ ገንዘቤን ሳልከፍል ደረሰልኝ። በአሜሪካ ደንብ የባዕድ ቋንቋ ቃል ተተርጉሞ ነው የሚመዘነው፤ ትርጉሙንም አመልካቹ ራሱ ያቀርባል። ተተርጉሞ ሲታይ አገልግሎቱን ከመግለጽ ያለፈ ነገር ከሌለው በዋናው የንግድ ምልክቶች መዝገብ አይሰፍርም፤ ዳቦ ሻጭ «ዳቦ» የሚለውን ቃል የግሉ ማድረግ እንደማይችለው ማለት ነው። ለአንድ የአገልግሎት ክፍል የሚከፈለው የ350 ዶላር ማመልከቻም ምልክቱ ቢወድቅ አይመለስም። (ለምዝገባው ዕቃና አገልግሎት ሁሉ በ45 ክፍሎች ይመደባል፤ የእኛ ሥራ የተመደበው 45ኛው ውስጥ ነው። መጨረሻው ወንበር ላይ ማለት ነው፤ ይህን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።)

ስለዚህ ሥራውን በቀጥታ የማይናገር፣ ነገር ግን የሚያስታውስ ስም መፈለግ ነበረብኝ። ጎጆ የሚወጣ ሰው ጉልቻ ይጎልታልና «ጉልቻ» የሚለው ቃል ልቤ ውስጥ ገባ፤ የሦስት ድንጋይ ሥዕል አሠርቼ ለሰባት ጓደኞቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ አራቱ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው መለሱልኝ። በተረት የሚኖር ሕዝብ ዘንድ ስም ማውጣት እንዲህ ነው። ቃሉ በዚያው ቀረ፤ ሥዕሉ ግን አልተጣለም።

ወደ መጨረሻው ወንበር ልመለስ። ከሁለት ዓመት በፊት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰርግ ተጠራሁ። ሙሽሮቹን ያስተዋወቅሁት እኔ ነበርሁ፤ ቀጠሯቸውን ያመቻቸሁት፣ ሁለቴ ሲኳረፉም የቡና ሒሳብ ከኪሴ እየከፈልሁ ያስታረቅሁት እኔ ነበርሁ። ያስቀመጡኝ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ወንበሬን በሚገፋበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የመድረኩ መሪ እንዴት እንደተገናኙ ሙሽራውን ሲጠይቀው፣ «በእግዚአብሔር ፈቃድ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ዓይን ለዓይን ተጋጨን» አለ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በጁላይ መጀመሪያ እዚህ ሰሜን አሜሪካ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ የሚካሄደውን የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ማለቱ ነበር። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ልጁ ኳስ እንደማይወድ መጠይቁ ላይ በራሱ እጅ ጽፎልኛል።

ይህንንስ በሳቅ አልፌው ነበር። የጠረጴዛዬ ሰዎች ለሙሽሪት ምኗ እንደሆንሁ እናቷን ሲጠይቁ፣ እናትየው ፊታቸው ሳይለወጥ፣ «በመስተንግዶው የምታግዘን ልጅ ናት» አሉ። ወዲያው አንዲት ትልቅ ሴት ሳህናቸውን ዘርግተው፣ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ጥብስ ጨምሪልኝ» አሉኝ። ተነሥቼ አመጣሁላቸው። ሁለት ጊዜ። አገር ቤት ቢሆን ያጋባ ሽማግሌ ከፊት ተቀምጦ፣ ቀድሞ መርቆ፣ ነገ ባልና ሚስት ሲጣሉም መጀመሪያ የሚጠራው እርሱ ነበር። እኔ የበግ ጥብስ የሸተተ የሐበሻ ቀሚሴን ይዤ በሌሊት አውቶቡስ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ስለ ንግድ መለያ በማታ የተማርሁት ትምህርት የተናደው በዚያ ሌሊት ነው። መምህራችን የደስተኛ ደንበኞችን ፎቶና ምስክርነት ሰብስቡ፣ ስማችሁን የሚያነሣ ሰው ይብዛ ይለን ነበር። አሜሪካዊው አጋቢ ቀጥሮ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሲከፍል በእራት ግብዣ ላይ ያወራዋል፤ ጊዜዬ ውድ ነው ማለቱ ነዋ። በእኛ ዘንድ ግን በጣም የተደሰተ ደንበኛ ማለት ስሜን ፈጽሞ የማያነሣው ነው። ቢያነሣው «ፈላጊ ጠፍቶ ነው» ይባላላ! ለሐኪምና ለጠበቃ መክፈል ያላሳፈረን ሰዎች፣ በዚህ በኩል ግን ነገሩ ሁሉ ከሰማይ የወረደ እንዲመስል እንፈልጋለን።

ካርዴን በአዲስ አሳተምሁ። ስም የለውም፣ ልብ የለውም፣ ቀለበት የለውም፤ ነጭ ወረቀት ላይ ሦስት ድንጋዮችና አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከቦርሳ ቢወድቅ ማንንም አያሳጣም። ቀጠሮ የምሰጠው ሐበሻ በማይበዛበት ቡና ቤት ነው፤ ሁለት ደንበኞች በአንድ ቀን በአንድ ቦታ አይገናኙም። ሌላው አጋቢ ውሻ ትወዳለህ ወይስ ድመት እያለ ሲጠይቅ፣ እኔ ከመጀመሪያው ቡና በፊት ጎንደርና ደሴ ወዳሉ አክስቶች ደውዬ ሰባት ቤት አስቆጥራለሁ፤ ሥልጠና አላስፈለገኝም፤ አያቴ አስተምራኛለች። «ከየት ናት?» ብሎ የሚጀምረኝን ደንበኛ ግን፣ ከተማዋን እየጠየቀ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ «ከፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ» ብዬ እመልስለታለሁ። ማስታወቂያ አላወጣም፤ ሰው ግን ካርዱን እጅ ለእጅ፣ እንደ ምስጢር መድኃኒት፣ ሲያቀባብለው እሰማለሁ።

የአብሮ አደጌን ልመና በሳቅ ያለፍሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። እዚህ ከሚኖር ሰው ውጭ አላገናኝም። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ የጸደቀ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ የአሜሪካ ነዋሪን ከውጭ አገር ሰው ጋር ለትዳር የሚያገናኝ ነጋዴ የደንበኛውን የወንጀልና የትዳር ታሪክ አጣርቶ፣ በውጭ ላለችው ሴት በቋንቋዋ አስረድቶ፣ በጽሑፍ ሳትፈቅድ አድራሻዋን እንዳይሰጥ ያስገድደዋል። ሕጉ መልካም ነው፤ ሸክሙ ግን ለአንድ ሰው ሥራ ይከብዳል። እናንተም አገር ቤት ሆናችሁ ወረቀት ያለው ሰው በአገናኝ የምትፈልጉ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን ሁሉ ሳያጣራ ፎቶና ቁጥር ከሚልክላችሁ ሰው ራቁ። ለወረቀት ብቻ የተደረገ ጋብቻ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። እውነተኛው ጋብቻም ሁለት ዓመት ካልሞላው መጀመሪያ የሚሰጠው ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ የማታውቁት ሰው ፊርማ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ምን ያህል እንደሚከብድ ልቅሶውን በስልክ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ወር የዚያችው ሙሽራ እናት ከመኪናቸው ውስጥ ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደወሉልኝ። ሁለተኛዋ ልጃቸው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። «ስልክሽን የጥርስ ሐኪም ብዬ ነው የመዘገብሁት፤ እንዳትቀየሚኝ ልጄ» አሉ። አልተቀየምሁም አልኋቸው። ክፍያው እንደ በፊቱ እንዲሆን ተስማማን። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሰርጉ ላይ ግን…» አሉ። እንደማልገኝ በውሉ ላይ በጽሑፍ አስገባሁላቸው።