ቁስል ላይ የምናፈሰው ነገር

ባለፈው የተሰበረ ብርጭቆ ስለቅም ጣቴን ቆረጠኝ። ወዲያው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አፈሰስኩበት። ነጭ አረፋ ኩፍ አለ፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ «ይኸው እየሠራ ነው» አልኩ። በማግስቱ ደገምኩት፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ቁስሉ ግን ዳር ዳሩ ነጥቶ፣ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ያ አረፋ ምን እንደሆነ ሳነብ በጣም ነው የቆጨኝ። ደማችንና ሴሎቻችን ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይሰብረዋል። የሚንተከተከው ኦክስጅኑ ነው እንጂ ጀርም እየሞተ አይደለም። ፈሳሹ ደግሞ ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ አዲስ ሥጋ ሊሠሩ የመጡትን፣ ፋይብሮብላስት የሚባሉትን ሴሎችም ይጎዳል። ጀርም መግደል ሌላ፣ ቁስል ማዳን ሌላ!

እርሾ የሚገርመኝ ለዚህ ነው፤ ጀርም ሳይገድል ቁስል እንዲድን ሊያግዝ የሚችል ነገር በውስጡ አለ። ሊጥ የሚያቦካው ያው እርሾ የሴል ግድግዳው ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል የስኳር ሰንሰለት አለው። ቤታ ግሉካን ራሱ ጀርም ገዳይ አይደለም። ማክሮፌጅ የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ግን ዴክቲን 1 በሚባል ተቀባያቸው ሲያገኙት ፈንገስ የመጣ ይመስላቸውና ይነቃሉ፤ ከነቁ በኋላ ባክቴሪያ ይውጣሉ፣ የሞተውን ያጸዳሉ፣ ሌሎቹንም ሴሎች ለጥገና ይጠራሉ። በአጭሩ ዘበኛውን ይቀሰቅሰዋል፣ ሥራውን የሚሠራው ዘበኛው ነው።

ይሄን ሰምታችሁ የዳቦ እርሾ ቁስል ላይ እንዳትነሰንሱ፣ አደራ። ሕያው እርሾና የተጣራ ቤታ ግሉካን አንድ አይደሉም። «እርሾ አለበት» የሚል ቅባት ሁሉም ይሠራል ማለትም አይደለም፤ በአሜሪካ ለዓመታት በፊንጢጣ ኪንታሮት ቅባት ውስጥ የነበረ የእርሾ ውጤት በ1990ዎቹ ማስረጃው አይበቃም ተብሎ ወጥቷል። ፀረ ጀርም ሳሙናም እንዲሁ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ትራይክሎሳንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮችን ከቤት ሳሙና አስወጥቷል፣ አምራቾቹ ከተራ ሳሙና እንደሚበልጡ ማሳየት ስላልቻሉ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ፐርኦክሳይዱን ተውኩት። በንጹሕ ውሃና ለስላሳ ሳሙና አጠብኩ፣ ስስ ቫዝሊን ቀባሁ፣ ሸፈንኩት፣ በየቀኑ ፋሻውን ቀየርኩ። «አየር ይንካው፣ ይድረቅ» የሚለውን ምክር አልሰማሁም፤ ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ እንዳሳየው፣ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ከደረቀው እጥፍ ያህል ፈጥኖ በአዲስ ቆዳ ይሸፈናል። ዙሪያው ቢቀላ፣ ቢግል ወይም መግል ቢይዝ ኖሮ ሐኪም ዘንድ ነበር የምሮጠው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እዚያ እስኪደርስ ባይጠብቅ ይሻላል፣ በተለይ ቁስሉ እግሩ ላይ ከሆነ።

አሁን ቀጭን ሮዝ መስመር ቀርታለች። ጠባሳ ቢበዛ የቀድሞውን ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ያህል ነው የሚያገኘው፣ ለዚያውም ወራት ወስዶ። ስለዚህ አልነካካትም።