ከእንጦጦ መልስ፣ እግር በሳፋ

ቅዳሜ ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ ወደ እንጦጦ እሮጣለሁ። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስመለስ ባቴ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ደረጃ መውረድ ያቅተኛል።

እማዬ በወጣትነቷ ከዚሁ ተራራ እንጨት ተሸክማ ትወርድ ነበር። እኔ ሰዓት ይዤ የምሮጥበትን መንገድ እሷ ሸክም አዝላ ታውቀዋለች። ቤት ስትገባ ከሸክሙ ላይ እፍኝ የባሕር ዛፍ ቅጠል ታስቀር ነበር። ሌላው ለገበያ ነው፤ እፍኟ ለእግሯ። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው።

የምመርጠው የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ነው። ክብ ቢጤ ነው፤ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሲያሹት ጣት ላይ ይጣበቃል። ውሃው ሲፈላ ድስቱን ከእሳት አወርድና ቅጠሉን ጨምሬ 10 ደቂቃ እከድነዋለሁ። “አታንተክትኪው፣ ሽታው ይሄድብሻል” ትለኛለች እማዬ። እውነቷን ነው። ሽታው የቅጠሉ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ከእንፋሎት ጋር ቶሎ ይተናል። ከዚያ ሳፋ ላይ ገልብጬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለዝቤ፣ ጨው ጣል አድርጌ እግሬን እነክራለሁ።

ሽታው ሽቅብ ሲመጣ አፍንጫዬ ውስጥ ቀዝቀዝ ይላል። የዘይቱ ዋና ክፍል ሲኒዮል ይባላል፤ ቅዝቃዜ የሚለየውን ነርቭ ስለሚነካ አየሩ በደንብ የገባ ይመስላል። ወጥሬው የነበረው ትከሻዬ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እፎይ!

ሽታ ግን ጡንቻ አይጠግንም። የዳገት ሕመም በማግስቱ መጥቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ቅጠሉ አስቀርቶልኝ አያውቅም። የሚያሽረው እንቅልፍ፣ ምግብና ውሃ ነው። እኔ ከሳፋው የማገኘው እንቅልፉን ነው። እግሬን በነከርኩበት ቀን ቶሎ ይወስደኛል።

አንድ ጊዜ የባሕር ዛፍ ዘይት ሳልበርዝ ባቴን አሸሁበት። ሌሊቱን ሲያቃጥለኝ አደረ። አሁን አንድ ሁለት ጠብታ በሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት እበርዛለሁ። እባካችሁ ዘይቱን እንዳትጠጡት፤ ከሕፃናት ፊትም አርቁት። ጤና አዳምንም ተጠንቀቁ። ቡና ውስጥ ሸጋ ነው፤ ቆዳችሁን አሽታችሁበት ፀሐይ ከወጣችሁ ግን ውሃ ይቋጥርባችኋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለተኛ ሳፋ አመጣሁና እማዬን ከጎኔ አስቀመጥኳት። ተረከዟ ዛሬም ስንጥቅጥቅ እንዳለ ነው። ቅጠሉን ስጨምርላት ዓይኗን ጨፈነች።

“ከማርያም በታች የምናርፍባት ድንጋይ” አለች፣ “አለች እንዴ እስከ ዛሬ?”

ቅዳሜ ሄጄ አያታለሁ።