ጡረታ ሳልወጣ ጡረታን መለማመድ

ጡረታ ሊደርስ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ የሚመጣ ድካም አለ። "አሁን ብቆጥብ ስንት ሊጠራቀምልኝ ነው? በዚህ ዕድሜ ስፖርት ብጀምር ምን ሊለወጥ ነው?" ያሰኛል። በሥራ ባልደረቦቼ ላይ አይቼዋለሁ። እኔንም ደጋግሞ ይዞኛል። ብዙ ሰው ስንፍና ይለዋል፤ እኔ አይመስለኝም። ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው በአንድ ጊዜ ሰነፍ አይሆንም። ወኔውን የሚገድለው የሚያየው ቁጥር ነው።

የቁጠባ ሒሳብ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ያውም የዋጋ ንረት እየሸረሸረው። በየሳምንቱ ሒሳቡን የሚያይ ሰው ሞራሉ ቢወርድ አይገርምም። ሰውነት ግን፣ በተለይ ጡንቻ፣ ቶሎ መልስ ይሰጣል። በዚህ ዕድሜም ቢሆን ይሰጣል። ይህ ሲገባኝ ገንዘቤንና ጤናዬን አንድ ላይ መያዝ ጀመርኩ። አንዱ ሲያዘግምብኝ ሌላው ያበረታኛል።

የምጠቀመው ተራ መስመር ያለው ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ገጽ አለው። ገጹን መሀል ለመሀል እከፍለዋለሁ። በግራ በኩል የገንዘቡ ነገር ነው፦ የወጪ መዝገቤን ጻፍኩ ወይ? ያልታሰበ ነገር ሳልገዛ ዋልኩ ወይ? በቀኝ በኩል የሰውነቴ ነው፦ በእግሬ ሄድኩ? ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሠራሁ? በሰዓቱ ተኛሁ? ካደረግሁ ምልክት አደርጋለሁ፤ ካላደረግሁ ባዶውን እተወዋለሁ። የገንዘብ መጠን እዚያ አይጻፍም። የሰውነት ክብደትም አይጻፍም፤ በውሃ ብቻ እንኳ በአንድ ቀን ከፍ ዝቅ ይላል። እነዚህን የማየው በየሦስት ወሩ ነው። ቁጠባው ራሱ ምልክት አያስፈልገውም። ደሞዝ በገባ ማግስት ወደ ቁጠባ ሒሳብ በራሱ እንዲዛወር ባንኩን አዝዣለሁ፤ በየወሩ ከራሴ ጋር መከራከር ቀረልኝ።

ደብተሩ ላይ አንድ ሕግ አለኝ። ባዶ ቦታ ችግር የለውም፣ ግን አንዱ ነገር ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ባዶ መሆን የለበትም። ጉንፋን የያዘኝ ሳምንት ገጽ ላይ ያለው ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሰዓቱ መተኛቴ። የሚቀጥለው ገጽ ግን ሞልቷል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ልማድ እንዴት እንደሚያዝ አጥንተው ነበር። አዲስ ነገር ያለ ብዙ ትግል የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ይወስዳል። ከሰው ሰው ግን በጣም ይለያያል፣ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን። እኔን ያጽናናኝ ሌላው ግኝታቸው ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያፈርሰውም።

የሰውነቱን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ ብዙ ሰው በእግር መሄድ ብቻ የሚበቃ ይመስለዋልና። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ብሎ መራመድ እዚህ ውስጥ ይገባል። ግን በዚያ አያበቃም። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨምርበታል። ዕድሜው 65 ለሞላ ሰው ደግሞ ሚዛን ለመጠበቅ የሚረዳ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በስተርጅና ብዙ ሰው ራሱን ችሎ መኖር የሚያቅተው ሲወድቅና አጥንቱ ሲሰበር ነው።

እድገቴን የምለካው በወንበር ነው። የጀርባ መደገፊያ ያለው፣ ግን የእጅ ማሳረፊያ የሌለው ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፋለሁ። እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ እቀመጣለሁ። ከዚያ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደምነሣ እቆጥራለሁ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይህን መለኪያ የመውደቅ አደጋን ለመገመት ይጠቀምበታል። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላለች ሴት ከ12 በታች፣ ለወንድ ከ14 በታች ከሆነ ከአማካይ በታች ተብሎ ይያዛል። በዚህ መለኪያ በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ይታያል። ቁጠባዬ የተኛ ሲመስለኝ የወንበሩ ቁጥር ሲጨምር አያለሁ፤ ያ ደስታ የወጪ መዝገቤን እንድከፍት ያደርገኛል። (የጉልበት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር።)

ወደ ገንዘቡ ስመለስ፣ ሐሳቤን የቀየረው አንድ ስሌት ነው። ዊሊያም ቤንገን የተባለ የፋይናንስ አማካሪ በ1994 የአሜሪካን የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ታሪክ ይዞ አንድ ነገር አስልቶ ነበር። ጡረተኛ በመጀመሪያው ዓመት ካጠራቀመው 4 በመቶ አካባቢ ቢያወጣና ከዚያ በኋላ ከዋጋ ንረቱ ጋር እያስተካከለ ቢሄድ፣ ገንዘቡ 30 ዓመት ያህል ያቆየዋል። ይህ በሌላ አገር እንደ ሕግ አይያዝም፤ ገበያው ይለያያል። እኔን የጠቀመኝ ግን የስሌቱ ሌላ ገጽ ነው። 4 በመቶ ማለት ጡረታ አበሉ የማይሸፍነውን የዓመት ወጪ 25 እጥፍ ማጠራቀም ማለት ነው። ስለዚህ ከወር ወጪዬ ላይ 100 ብቀንስ በዓመት 1,200 ነው፣ በ25 ሲባዛ 30,000። ማጠራቀም ያለብኝ ገንዘብ በ30,000 ቀነሰ ማለት ነው! የቀነስኩትን 100 ደግሞ እቆጥበዋለሁ። ግቡ ወደ እኔ እየቀረበ፣ እኔም ወደ ግቡ እየቀረብኩ ነው። ከዚህ በኋላ ወጪ መቀነስ እንደ ቅጣት አልታየኝም።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን ልምምዱ ነው። እኔና ባለቤቴ ደሞዝ እየገባልን ለተወሰኑ ወራት በሚጠብቀን የጡረታ አበል ልክ ብቻ ኖርን። የተረፈው በቀጥታ ወደ ቁጠባ ገባ። በወረቀት ላይ የሠራነው በጀትና ኑሮው አልገጠሙም። ትራንስፖርትና የሥራ ልብስ ይቀንሳል ብለን ነበር፣ በእርግጥም ይቀንሳል። ነገር ግን የመድኃኒት፣ የመነጽርና የጥርስ ወጪ በበጀታችን ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። ያኔ ባለቤቴ፣ "ጥርስሽን አሁን፣ የመሥሪያ ቤቱ የሕክምና ሽፋን እያለልሽ ለምን አትጨርሺውም?" አለኝ። ልክ ነበር። ጥርሴን አስጨረስኩ፣ ዓይኔን ተመረመርኩ፣ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራዬንም አደረግሁ። የአሠሪ የሕክምና ሽፋን ያለው ሰው ሽፋኑ መቼ እንደሚያበቃ ዛሬውኑ ይጠይቅ። ይህ ጤና ነው፣ ገንዘብም ነው።

ልምምዱ ጊዜንም አሳየኝ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ምንም ዕቅድ ሳልይዝ ቤት ዋልኩ። ረፋድ ላይ መሰልቸት ጀመረኝ። ሲሰለቸኝ ደግሞ ወጥቼ ገንዘብ አጠፋለሁ፣ ወይም ተቀምጬ እውላለሁ። ሥራ ሲቆም ወጪንና ሰውነትን ሥርዓት የሚያስይዘው የቀኑ መርሐ ግብር አብሮ እንደሚቆም ያኔ ገባኝ። ስለዚህ ገና ጡረታ ሳልወጣ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር የማለዳ የእግር ጉዞ ጀመርኩ። ብቻዬን ብሆን የምተኛባቸው ማለዳዎች ነበሩ። እሷ በር ላይ እየጠበቀችኝ ግን እንዴት እተኛለሁ?

ዕዳን በተመለከተ አጭር ነው፤ ገቢ ሳይቀንስ ማቃለል። ቶሎ ትርፍ አለው እየተባለ ጡረታ ለተቃረበው ሰው የሚመጣውን ሐሳብ ሁሉ ደግሞ በጥርጣሬ አየዋለሁ። ወጣት ቢከስር የሚያገግምበት ዓመታት አሉት። ከጡረታ በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የሚመጣ ኪሳራ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ለኑሮ የሚወጣው ገንዘብ በኪሳራው ካነሰው ቁጠባ ላይ ስለሆነ፣ ገበያው ቢያገግም እንኳ የሚያድግ ነገር ብዙ አይቀርም።

የመጨረሻው ጉዳይ ልጆች ናቸው፤ ለእኔ ከስፖርቱም ከቁጠባውም የከበደኝ ይህ ነው። የደረሱ ልጆች ሲቸገሩ እጅ ይዘረጋል፣ የወላጅ አንጀት አይችልም። እኔና ባለቤቴ ተማክረን በዓመት ለልጆቻችን መስጠት የምንችለውን ቁርጥ ያለ መጠን ወሰንን። ከዚያ ልጆቹን ሰብስበን ነገርናቸው። የጡረታ አበላችን ስንት እንደሚሆን፣ የቆጠብነው ስንት ዓመት እንደሚያቆየን፣ ሁሉንም ወረቀት ላይ አሳየናቸው። ትልቋ ልጄ ወረቀቱን ደጋግማ አየችውና፣ "እማዬ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ እንደዚህ እያሰባችሁ መሆኑን አላውቅም ነበር" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ ገንዘብ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ለዓመቱ ከተመደበው ምን ያህል እንደቀረ ነው። እኛም ሳንደብቅ እንነግራቸዋለን።