ገና፣ አሳይመንትና ፋይናል፦ ለሐዋሳ የቢዝነስ ተማሪዎች

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! በሐዋሳ ግቢዎች አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግና ኢኮኖሚክስ የምትማሩ፣ ከሥራ መልስ በማታና በቅዳሜ ኤምቢኤ የምትከታተሉ፣ በዓሉን ባታከብሩም ከጓደኞቻችሁ ጋር ማዕድ የምትቆርሱ ሁሉ፣ ሰላምና ጤና ይስጣችሁ።

ታኅሣሥ ለቢዝነስ ተማሪ ከባድ ወር ነው። ጾሙ ከኅዳር 15 ጀምሮ ይዟል። ታኅሣሥ 19 ሐዋሳ ገብርኤል በምእመናን ሲሞላ መንገዱም መኝታውም ይጨናነቃል። በዚሁ መካከል ሚድ፣ ግሩፕ አሳይመንትና ፕሬዘንቴሽን አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባሉ። መንግሥት መሥሪያ ቤት እየሠራ ለሚማር ደግሞ ታኅሣሥ 30 የበጀት ዓመቱ አጋማሽ ነው፤ የገና ማግስት የስድስት ወር ሪፖርት ይጠብቀዋል።

ስለዚህ «ጊዜ አጣሁ» የሚልን ተማሪ ሰነፍ ነው ማለት ግፍ ነው። ሒሳቡን እንየው። አንድ ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት የሚለካበት ነጥብ) ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል፤ ክፍል የሚቀመጡበትም ብቻን የሚያጠኑበትም ተደምሮ። በሴሚስተር 30 ኢሲቲኤስ የወሰደ ከ750 እስከ 900 ሰዓት አለበት ማለት ነው። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ47 እስከ 56 ሰዓት ይደርሳል። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል። የማይቻለው ሌላ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ የሠራ ተማሪ፣ ዝቅተኛውን 750 ብንወስድለት እንኳ፣ በቀሩት 10 ሳምንታት በየሳምንቱ 63 ሰዓት ይጠበቅበታል። ያ ነው ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን የሚበላው። ጫት ቅሞ ማደርም ዕዳውን ወደ ማግስቱ ጠዋት ከማሻገር በቀር አይከፍለውም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚፈጀው ግሩፕ ዎርክ ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ። አምስት ልጆች የአንድ ባንክን የፋይናንስ ትንተና ሥሩ ተባሉ እንበል። የተለመደው በምዕራፍ መከፋፈል ነው። ሁሉም የየራሱን በቴሌግራም ይልካል፤ በማስረከቢያው ዋዜማ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አንዱ ይገጣጥመዋል። ችግሩ የሚወጣው ያኔ ነው። አንዱ 2015 ሲል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው በፈረንጅ 2015/16 የሚለውን ሪፖርት አውርዷል፤ ሁለቱ የሚያወዳድሩት ሰባት ዓመት የተራራቀ ቁጥር ነው። ሪፖርቱ ከላይ «በሺህ ብር» ብሎ ሳለ አንዱ ሦስቱን ዜሮ ጨምሯል፣ ሌላው ትቶታል፤ ሬሾው አንድ ሺህ እጥፍ ይሳሳታል። ሦስተኛው ከሀንድአውቱ ላይ ከረንት ሬሾን (የአጭር ጊዜ ሀብት ለአጭር ጊዜ ዕዳ ሲካፈል) ይዞ መጥቷል፤ ባንክ ግን ሀብትና ዕዳውን የአጭርና የረጅም ጊዜ ብሎ ከፍሎ ሳይሆን በአብዛኛው ወደ ጥሬ ገንዘብ በሚለወጥበት ፍጥነት ደርድሮ ስለሚያቀርብ ያ ስሌት እዚያ ትርጉም የለውም። የተሰጠ ብድርን ከተቀማጭ ጋር ማነጻጸር ይሻል ነበር።

መድኃኒቱ የመጀመሪያውን ስብሰባ ለመጻፍ አለማዋል ነው። የትኛው ድርጅት፣ የትኞቹ ዓመታት፣ በምን አቆጣጠር፣ በምን መለኪያ፣ የትኞቹ ቀመሮች፤ በቃ፣ እነዚህን ብቻ ወስናችሁ ተነሡ። ከዚያ አንድ ሰው ቁጥሮቹን በሙሉ በአንድ የኤክሴል ገጽ ላይ ያስገባ፣ ሌላው ከሪፖርቱ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክር፣ የሚጽፈው ሁሉ ከዚያ ገጽ ብቻ ይውሰድ። የራሳችሁን ማስረከቢያ ከመምህሩ ቀን 3 ቀን አስቀድሙ፦ አንዱ ቀን አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ለሚያነበው፣ አንዱ ለእርማት፣ አንዱ ለፕሪንት። መብራት የሚጠፋውና ፕሪንት ቤት ሰልፍ የሚኖረው ሁልጊዜ በመጨረሻው ቀን ነው። ስሙን ብቻ የሚያስገባ አባል ካለም ገና በጅምሩ በግልጽ ንገሩት፤ በፕሬዘንቴሽን ቀን መጣላት ለማንም አይጠቅምም።

ፋይናንስ የምትሠሩ ደግሞ ኤክሴል ላይ ተጠንቀቁ። የኤንፒቪ ፎርሙላ (ወደፊት የሚመጣ ገንዘብ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ የሚያሰላው) የመጀመሪያውን ቁጥር በአንደኛው ዓመት መጨረሻ የመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዛሬ የሚወጣውን መነሻ ካፒታል እዚያ ውስጥ ከከተታችሁት አንድ ዓመት ዘግይቶ እንደሚወጣ ተቆጥሮ ዋጋው ያለአግባብ ያንሳል። ከቅንፉ ውጭ ለብቻው ቀንሱት።

የአካውንቲንግ ልጆች ሌሊቱን የሚያስጨርሳቸው ትራያል ባላንሱ አልመጣ ሲል፣ ማለትም የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል አልሆን ሲል ነው። ሁሉን ከመጀመሪያው ከመደመር በፊት የሁለቱን ድምሮች ልዩነት ተመልከቱ። ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሃዝ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል፦ 5,400 በ4,500 ከተጻፈ ልዩነቱ 900 ነው። ካልሆነ ልዩነቱን ለሁለት ክፈሉና ያንን ቁጥር ፈልጉ፤ 350 ዴቢት መሆኑ ቀርቶ ክሬዲት ከገባ ልዩነቱ 700 ይሆናል። ሁለቱ ወገን እኩል መጣ ማለት ግን ሥራው ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ጨርሶ ያልተመዘገበ ሒሳብ በዚህ አይያዝም።

ጾመኞች እስከ 9 ሰዓት ለምትቆዩት፣ ስሌት ያለበትን ኮርስ ለጠዋት አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ንባብና ማስታወሻ ይበቃል። የመውጫ ፈተና የሚጠብቃችሁ አራተኛ ዓመቶች፣ የድሮ ኮርሶችን አጫጭር ማስታወሻ ከአሁኑ ሰብስቡ።

ታኅሣሥ 29 ቀን ግን ደብተር አይገለጥ። ይህን የምንለው ከልባችን ነው። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ናት፣ አዲስ አበባ 275 ያህል፤ ቲኬት ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ መመለሻውንም ክፍል ከሚጀምርበት አንድ ቀን አስቀድሙ። የግሩፑን ቴሌግራም ለዚያች ቀን ዝም አሰኙት። ግቢ የምትቀሩ ካላችሁ ብቻችሁን ዶርም አትዋሉ፤ ቡና አፍሉና ተጠራሩ፣ ሲመሽ ፍቅር ሐይቅ ወርዳችሁ ተናፈሱ። እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዩለት፤ ሲመለስ ቆሎና በሶ ቋጥሩለት፣ የፋይናሉ ሰሞን ይበላዋል።

መልካም ገና!